የትኛው ስኳር ነው ያለብዎት? ከመርፌው እስከ ካልሲው

«ስኳር አለብኝ» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ አብሽ ጠጣ ይለዋል፣ ሌላው ሽፈራው፣ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ በኪኒን ብቻ ነው የያዝኩት፣ መርፌውን ተወው» ይለዋል። ሦስቱም ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አለ፦ የትኛው ስኳር? ለአንዱ የበጀው ሌላውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ካርድዎ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ «ስኳር» ብቻ ከተጻፈ ዓይነቱ እንዲጨመርበት ያድርጉ።

ዓይነቶቹ፣ ከሚያስከትሉት ስሕተት አንጻር

በዓይነት 1፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች የራሱ የሰውነት መከላከያ አጥፍቷቸዋል። ከውጭ ካልገባ ኢንሱሊን የለም ማለት ነው። በልጆችና በወጣቶች ይበዛል፤ በ40 ዓመት የሚጀምረውም አለ። ኢንሱሊኑ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም፦ ባይበሉም፣ ቢያስመልስዎትም፣ ጸበል ቢገቡም። መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፣ ማቆም ግን የለም። ጸበሉና መርፌው አይጣሉም፤ ሰው የሚሞተው መርፌውን ቤት ትቶ ሲሄድ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይይዝና ደሙ አሲድ ይሆናል። ምልክቱ የማይረካ ጥም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ትንፋሽ ነው። በቀላሉ ከጨጓራ ወይም ከወባ ጋር ስለሚምታታ፣ የሚያስመልስ ልጅ ወይም ወጣት ሽንት አብዝቶ ከነበረና ከከሳ፣ ስኳሩ በዚያው ሰዓት ይለካ።

በዓይነት 2 ኢንሱሊን አለ፤ ሰውነት ግን አይታዘዝለትም፣ ቆሽቱም እያደር ይደክማል። ብዙውን ጊዜ ሜትፎርሚን በሚባለው ኪኒን ይጀመራል። ዋናው ስሕተት «ምንም አላመመኝም» ብሎ መተው ነው፤ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ሲጎዱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ሁለተኛው ስሕተት ኢንሱሊን ሲታዘዝ «አለቀልኝ» ማለት ነው። መርፌው የታዘዘው ቆሽቱ ስለደከመ እንጂ ሞት ስለቀረበ አይደለም።

በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት መመርመር ያስፈልጋል። የተለመደው ግብ (በአንድ ዴሲ ሊትር ደም በሚሊ ግራም) ከምግብ በፊት ከ95 በታች፣ ምግብ ከጀመሩ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ነው። ከወሊድ በኋላ ይጠፋና ይረሳል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ልጁ ከተወለደ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ይመርመሩ፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ፤ ወደ ዓይነት 2 የመሄድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና።

በገጠር ከሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ምግብ ካነሳቸው በጣም ቀጫጭን ወጣቶች መካከል ደግሞ ከዓይነት 1ም ከ2ም ጋር በደንብ የማይገጥም ስኳር ይታያል። ኢንሱሊን ያንሳቸዋል፣ ስኳራቸውም በጣም ከፍ ይላል፤ ነገር ግን እንደ ዓይነት 1 ቶሎ ወደ አሲድ አይገቡም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር ብሎ መድቦት ነበር፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ለእንዲህ ያለ ሰው «ምግብ ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ጉዳት ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ያለው በቂ ምግብና ክብደት መጨመር ነው።

ኢንሱሊን፦ ከብልቃጡ እስከ ቆዳው

ብልቃጡ 10 ሚሊ ሊትር ሆኖ በአንዱ ሚሊ 100 ዩኒት ያለው ከሆነ ጠቅላላው 1000 ዩኒት ነው። ሲሪንጁ ከብልቃጡ ጋር መግጠም አለበት፤ ለዩ-100 (በሚሊው 100 ዩኒት) ክዳኑ ብርቱካናማ፣ ለዩ-40 (በሚሊው 40 ዩኒት) ቀይ ነው። ከዚህ በኋላ መስመሮቹን ይቁጠሩ። ባለ 50 ዩኒት ሲሪንጅ ላይ አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት፤ ባለ 100 ዩኒቱ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ናት። ከፋርማሲ ሌላ መጠን ያለው ሲሪንጅ የተሰጠው ሰው በለመደው መስመር ሲቆጥር እጥፍ ወይም ግማሽ ይወጋል። «መርፌው ከበደብኝ» ወይም «ኢንሱሊኑ አልሠራም» የሚል ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ ሲሪንጁን ማየት ነው።

ጥርት ያለው፣ ሬጉላር የሚባለው ፈጣን ኢንሱሊን በ30 ደቂቃ መሥራት ይጀምራል፣ ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ስለዚህ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጋል። ደፍረስ ያለው፣ ኤንፒኤች የሚባለው ዘግይቶ ይነሳና ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ደፍራሳውን ሳይነቀንቁ በሁለት መዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያህል ያንከባልሉ፤ ካልተንከባለለ ከላይ ቀጭኑን፣ ከታች ወፍራሙን እየቀዱ የአንዱ ቀን መርፌ ከሌላው ይለያያል። ተንከባሎም ከታች የተጋገረ ነገር ወይም ጠርዙ ላይ በረዶ የሚመስል ንጣት ከቀረ ይጣል። ጥርት ያለው ከደፈረሰም እንዲሁ።

ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ የሚቀላቅል ሰው፣ ለምሳሌ 6 ጥርት ያለና 14 ደፍራሳ ከታዘዘለት፣ እንዲህ ያደርጋል፦

1. እጁን ይታጠባል፤ የሁለቱም ብልቃጥ ጎማ በአልኮል ይጸዳል።
2. 14 ዩኒት አየር ስቦ ደፍራሳው ውስጥ ያስገባል፤ መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ ይወጣል።
3. 6 ዩኒት አየር ጥርት ያለው ውስጥ ያስገባል፤ ብልቃጡን ገልብጦ 6 ይቀዳል፤ አረፋ ካለ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይመልሰዋል።
4. መርፌውን ደፍራሳው ላይ ሰክቶ ይገለብጥና ቀስ ብሎ እስከ 20 ይስባል።

20ን ካለፈ ወደ ብልቃጡ አይገፋም፤ ያ ድብልቅ ሁለተኛውን ብልቃጥ ያበላሻል። ይደፋና እንደገና ይጀመራል፤ የሚቆጭ ቢሆንም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ደፍራሳው ጥርት ያለው ውስጥ ይገባና ፈጣኑ ኢንሱሊን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈጣን አይሆንም። (በነገራችን ላይ 14 እና 6 ማለት ከፋብሪካ ተቀላቅሎ የሚመጣው 70/30 (70 በመቶ ደፍራሳ፣ 30 በመቶ ጥርት ያለ) ነው፤ ለመቀላቀል እጅ የሚንቀጠቀጥበት ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ሐኪሙን ስለእሱ ቢጠይቅ ይሻለዋል።)

የሚወጋበት ቦታ ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ ወይም የክንድ ጀርባ ነው፤ ሆድ ላይ ከሆነ ከእምብርቱ ሦስት ጣት ያህል ይራቁ። በየቀኑ ካለፈው ቦታ አንድ ጣት ፈቀቅ ይበሉ። ብዙ ሰው ስለማያመው ሁልጊዜ አንዱን ቦታ ይወጋል፤ የማያመውም ቦታው ስላበጠ ነው። በመዳፍ ሲዳሰስ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ወይም የጠጠረ እብጠት ካገኙ እዚያ ላይ ለወራት አይውጉ፤ ኢንሱሊኑ አንድ ቀን ይታፈናል፣ ሌላ ቀን በአንዴ ይለቀቃል። ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወሩ ግን በለመዱት መጠን ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪሙ ነግረው፣ በዚያ ሳምንት ደጋግመው ይለኩ።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ጠንካራ በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ለምሳሌ በባዶ የበረኪና ጠርሙስ፣ ይከማችና ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሳል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሪጅ ካለ በሩ ላይ ወይም መሐል ላይ፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል ርቆ። አንዴ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሞቷል። የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ጥላ ውስጥ 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በፕላስተር ይጻፉ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ሸክላ ይሠራለታል። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሹን ያስቀምጡ፣ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት በአሸዋ ይሙሉና አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ ያርሱ፤ ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ በትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ስለሆነ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በሳጥን ውስጥ ቢዘጋበት ዋጋ የለውም። አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ቆላም እምብዛም አያቀዘቅዝም።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ ኢንሱሊን የሚያመጣ ዘመድ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ የአውሮፕላኑ የታችኛው ክፍል ሊያበርደው ይችላል። ያመጡት ዓይነት ከለመዱት የተለየ ከሆነ ዩኒቱ እኩል ነው ብለው አይለውጡ። ከፔን (ኢንሱሊን ተሞልቶ የሚመጣ እስክሪብቶ መሰል መውጊያ) ላይ በሲሪንጅ አይቅዱ፤ አንዳንዱ ፔን በሚሊው 300 ዩኒት የያዘ ነውና በተለመደው ሲሪንጅ ሲቀዳ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

የቀን መቁጠሪያም ሰው ይጎዳል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ዓመት በፈረንጅ ነው። በ2025 ያበቃ መድኃኒት በእኛ 2018 ለሚቆጥር ሰው ገና 7 ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። አሜሪካ ያሉ እናት ወረቀታቸው ላይ 8 ሰዓት ጠዋት ተብሎ ሲጻፍ ለእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቻቸው ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ «ጠዋት ከቁርስ ጋር» ብለው ቢጽፉላቸው ይሻላል።

ኪኒን

ሜትፎርሚን ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊ ግራም ከእራት ጋር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሆድ የሚያውክና የሚያስቀምጥ ከሆነ በባዶ ሆድ ተውጦ ወይም ቶሎ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከሚገባው በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ሲያስመልስዎትና ሲያስቀምጥዎት ግን እስኪሻልዎት ማቆሙን ለሐኪምዎ ያማክሩ። ኩላሊት በጣም የደከመበት ሰው አይወስደውም። ለዓመታት ከወሰዱት የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ይጠይቁ፤ የእግር መደንዘዝ ሁሉ ከስኳር ላይሆን ይችላል።

ግሊቤንክላማይድ ሌላ ነገር ነው። ቆሽቱን እየገፋ ኢንሱሊን ያስለቅቃል፤ እርስዎ በሉም አልበሉም። ምግብ ከዘለሉ ስኳር ይወርዳል፣ አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ደግሞ ታክሞ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ኪኒን ስኳሩ ወርዶ የወደቀ ሰው በስኳር ውሃ ቢነቃም ሐኪም ቤት ሄዶ መታየት አለበት።

ስኳር ሲወርድ

በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወርዷል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ መነጫነጭ፣ የንግግር መተብተብ ይታያል። መለኪያው ከሌለ አይጠብቁ፣ እንደወረደ ቆጥረው ያክሙ። የሚያስፈልገው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፦ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከሚመጣው ለስላሳ ግማሹ። «ዜሮ» የሚል ለስላሳ አይሠራም። ወተትና ቸኮሌት ቅባት ስላላቸው ይዘገያሉ። 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙት። ከ70 በላይ ሲወጣ ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ይብሉ። እዚህ ላይ የሚበዛው ስሕተት ፍርሃት ነው፤ ሙሉ ጠርሙስ ከነማሩ ጠጥቶ ከ2 ሰዓት በኋላ 350 ላይ መገኘት።

መዋጥ ለማይችል ሰው በአፉ ምንም አይፈስበትም፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ባዶ ሆድ ላይ የተጠጣ አረቄ ወይም ጠላ ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ያግደዋል፤ ሰውየው ሲንገዳገድ «ሰክሯል» ተብሎ ይተዋል። ኪሱ ውስጥ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» የሚል ካርድ ቢኖረው የተንገዳገደበትን ምክንያት የሚያገኘው ሰው ያውቃል።

መለካትና መብላት

እጅ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቅ፤ ማንጎ የላጠ ጣት ላይ የሚወጣው ቁጥር የማንጎው ነው። የጣቱን ጎን ይውጉ፣ ጫፉን አይውጉ፤ ጎኑ ያነሰ ያማል። የስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ) ቆርቆሮ ወዲያው ይዘጋ፤ እርጥበት ቁጥሩን ያዛባል። እንግሊዝ ውስጥ ስኳር የሚለካው በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል ነው፤ እዚያ ያለች እህትዎ «ስኳሬ 9 ነው» ካለችዎት በ18 ያባዙት፤ 162 ማለት ነው። ለብዙ አዋቂ የተለመደው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች፣ የ3 ወር አማካዩ (ኤችቢኤዋንሲ) ከ7 በመቶ በታች ነው። ለአረጋውያን ሐኪሙ ያላላዋል።

ስትሪፕ ውድ ነው። በኪኒን ላይ ያለና በሳምንት 4 ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ሁሉንም በባዶ ሆድ ባያጠፋው ይሻላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ከአንድ ምግብ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ቢለካ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በሌላ ምግብ ቢደግመው፣ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳው በወር ውስጥ ያውቃል። ኢንሱሊን የሚወጋ ግን በየቀኑ መለካት አለበት።

«ጤፍ ስኳር የለውም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ቀይም ነጭም እንጀራ ስኳር ያወጣል፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ከሳሕኑ ግማሹ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም አይብ፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን። ከመሶብ ሲበላ ይህን ማንም ሊቆጥረው አይችልም፤ ስለዚህ ድርሻዎን መጀመሪያ ለብቻ ይቁረጡ፣ ጉርሻውም ከዚያው ይሁን። ፍርፍር በእንጀራ ማለት እንጀራ በእንጀራ ነው። አጥሚትና በሶ ለታመመ ሰው የሚቀርቡ ደጎች ናቸው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን የተፈጨና በፈሳሽ የተበተነ እህል ስለሆኑ በፍጥነት ያወጡታል። ቡናን እንቁጠር፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው 2 ማንኪያ። 6 የሻይ ማንኪያ ወደ 24 ግራም ስኳር ነው፣ ያውም ፈንዲሻው ሳይቆጠር።

ጾም

ዓይነት 1 ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ወይም በቅርቡ ስኳሩ በኃይል ለወረደበት ሰው ያለ ምግብና ውሃ መዋል አደገኛ ነው፤ ለንስሐ አባት ወይም ለኢማም ይህንኑ ይንገሩ። ሌላው ሰው መጾም ከፈለገ ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን 6 ሳምንት ያህል ቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መጠንና ሰዓት ያስተካክል። ምክንያቱ ስሌቱ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ኤንፒኤች ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ኢንሱሊኑ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ሆዱ ባዶ ነው። ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ውጦ መዋልም ያው ነው። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ በዚያው ቅጽበት ይፈታል፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አይባልም። የጾም ምግብ ሲባል ደግሞ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች ይበዛል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ተልባ ቦታውን ይውሰዱ።

ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር

ዓይነት 2 ያለበት ሰው ገና እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ከ5 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ የዓይን ምርመራ በጠብታ ያስፈልገዋል። የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊትም አይረሱ።

እግርን በየማታው ይዩት፤ ጎንበስ ማለት ካቃተ መስታወት መሬት ላይ አድርገው ወይም ልጅ ጠርተው። በለብ ያለ ውሃ ይታጠቡ፣ ሙቀቱን ግን በክርን እንጂ በእግር አይፈትሹ፤ የደነዘዘ እግር እየተቃጠለ አይናገርም። በዚሁ ምክንያት ከከሰል ምድጃ አጠገብ እግር አይሞቅም። በጣቶች መካከል ያለውን ያድርቁ፣ ቅባት እዚያ ላይ አይቀቡ። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ የደደረ ቆዳ በምላጭ አይላጥ። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፣ እግር ያኔ አበጥ ስለሚል፤ ከመልበስዎ በፊትም እጅዎን አስገብተው ጠጠር ወይም የወጣ ምስማር እንዳለ ይዳስሱ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ስለሆነ ወፍራም ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ሲወጡ ገልብጠው ይዩት፣ እግርዎ ያልነገረዎትን ደም ወይም መግል ነጩ ጨርቅ ያሳያል፤ ካዩም ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂዱ።